አርፌያለሁ በለኝ

እኔ የምሠራው ከመሬት በታች ነው። በመገናኛ ሚኒስቴር ሕንፃ ሥር አሥራ አራት ደረጃ ወርዶ፣ መስኮቱ በአሸዋ ከረጢት የተደፈነ ረጅም ክፍል አለ፤ የመንግሥት ስልክ ማዞሪያ የሚባለው እሱ ነው። ዘጠኝ ሴቶች በዘጠኝ ሰሌዳ ፊት ተደርድረን፣ ማዳመጫ ጆሯችን ላይ ደፍተን፣ ገመድ ስንሰካ ስንነቅል እንውላለን። ከጦርነቱ ወዲህ በስም መጠራራት ስለቀረ በሰሌዳችን ቁጥር እንጠራለን። እኔ ዘጠኝ ቁጥር ነኝ፤ የመጨረሻዋ፣ ከእርጥቡ ግድግዳ ጋር የተለጠፍኩት።

አንድ ሰው ብቻ ነው «ዘጠኝዬ» የሚለኝ። የእሱ ሥራ ደግሞ ከደመና በላይ ነው።

ትውውቃችን እንዲህ ነበር። አብራሪዎች ከበረራ ሲመለሱ ከአየር ማረፊያው ወደ እኛ እየደወሉ መግባታቸውን ያስመዘግባሉ። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ከሰዓት በኋላ ሰሌዳዬ ላይ መብራት በራ፤ ገመዴን ሰካሁ። «አርፌያለሁ» አለኝ አንድ ደከም ያለ ድምፅ። ከጠዋት ጀምሮ ተቀምጬ ወገቤ ተቆርጦ ነበርና አፌ ቀደመኝ፤ «ታድለህ! እኔ ገና ሦስት ሰዓት ይቀረኛል» አልኩት። አለቀልኝ፣ ነገ ከሥራ ውጪ ነኝ ብዬ ስጠብቅ ሳቁ መጣ። ያ ሳቅ በዚያው ጆሮዬ ገባ፤ እስከ ዛሬም አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ የአውሮፕላኑ ጎማ መሬት በነካ በአምስት ደቂቃ ውስጥ ይደውላል። መስመሩ የመንግሥት ነው፣ የሚያዳምጠውም ብዙ ነው፤ ስለዚህ ሌላ ቃል የለም። «አርፌያለሁ» ይላል። እኔም ደንቡ እንደሚያዘው ቃሉን ጮክ ብዬ እደግማለሁ፤ «አርፌያለሁ»። እወድሻለሁ ያለኝም፣ እወድሃለሁ ያልኩትም በዚህች ቃል ነው። ለሚሰማን ሰው የሁለት ሠራተኞች የሥራ ወግ ነው።

የማን ልጅ እንደሆነ ያወቅኩ ቀን ግን ፍርሃት ገባኝ። ከጭንቅላታችን በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ የተቀመጡት የሚኒስትሩ ልጅ ነው። የኔ አባት ደግሞ የእኚሁ ሚኒስትር ሾፌር ነው፤ ሃያ ዓመት ሙሉ። አባዬ ነገሩ ጆሮው የደረሰ ለት መሪ እንደያዘ ሰው ሁለት እጁን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠ። «ልጄ፣ እኔ ለነሱ በር ከፍቼ አስገባለሁ እንጂ ተከትዬ ገብቼ አላውቅም» አለኝ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ጦርነቱ ሦስተኛ ዓመቱን ሲይዝ ነገር ሁሉ ከበደ። የሚኒስቴሩ የብረት አጥር ተነቅሎ ለጥይት ቀለጠ። ዳቦ በካርድ ሆነ። ሬዲዮው «ጦራችን ወደ ተሻለ ቦታ ተዛውሯል» ባለ ቁጥር በማግስቱ ጥቁር የለበሱ ሴቶች በመንገዱ ይበዛሉ። ይኼኔ ነው ባለፈው ሐሙስ ያ መመሪያ የወረደልን፤ ሚኒስትሩ በገዛ እጃቸው አርቅቀው የፈረሙት። እያንዳንዳችን ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ።

አንቀጽ አንድ፦ በመንግሥት መስመር «ሞተ» የሚለው ቃል አይነገርም፤ «አረፈ» ይባላል። አንቀጽ ሁለት፦ መልእክት አንድ ጊዜ ይነገራል፣ ቃል በቃል ይደገማል፣ ይመዘገባል፤ ስለ ማንም ወታደር ደህንነት ማብራሪያ አይሰጥም፤ የግል ጥሪ ክልክል ነው። አንቀጽ ሦስት፦ ከፍተኛ ባለሥልጣን ነኝ የሚል ቢደውልም ያው ነው፤ ጠላት ድምፅ ያስመስላልና።

ለሕዝቡ ሞራል ታስቦ ነው ተባለ። እውነት ነው፣ ታስቧል። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሆነው ሲጽፉት ግን አውሮፕላንም እንደሚያርፍ ትዝ ያለው ሰው አልነበረም። እኛም ምድር ቤት ያለነው አልተናገርን፤ ማን ደፍሮ! ከዚያ ቀን ጀምሮ ከግንባር አርባ ሰባት «አርፏል» ተቀብለናል፤ አርባ ሰባቱም ሞት ነው። ከአየር ማረፊያው ግን ደመናው አልገለጥ ብሎ አውሮፕላን ስላልተነሳ አንድም አልመጣም።

አርብ ዕለት ከእሱ ደብዳቤ ደረሰኝ። መመሪያው እነሱም ጋ ተለጥፎ ስቆበታል። «አርፌያለሁ ብሎ የደወለ ሬሳ የለም» ይላል። «በራሴ አፍ ካልኩሽ አትፍሪ። ሌላ ሰው አርፏል ካለሽ ግን…» እዚያ ላይ ነጥብ ነጥብ አድርጎ ተወው። ከሥሩ ደግሞ፦ «ቅዳሜ ፈቃድ አለኝ። እጅሽን ይዤ አባቴ ቢሮ እገባለሁ። ከሁለታችን ማን እንደሚንቀጠቀጥ እናያለን።»

ቅዳሜ የእህቴን ጫማ ተውሼ፣ ጠቦኝም ቢሆን፣ ሦስተኛው ፎቅ ደረጃ ሥር ሁለት ሰዓት ቆምኩ። አልመጣም። መልእክትም አልላከም። ከዚያ ወደ ማዞሪያ ቤቱ ስወርድ አሥራ አራት ደረጃ ብቻ የወረድኩ አልመሰለኝም። ማታ ቤቴ ገብቼ አራት መስመር ጻፍኩ፦ «የሾፌር ልጅ መሆኔ ዘግይቶ ትዝ ካለህ አልፈርድብህም። ያገሬን ሰው አውቀዋለሁ። ደብዳቤህን እመልስልሃለሁ። ከእንግዲህ ብታርፍም ባታርፍም ለኔ አትንገረኝ።»

እሑድ ጠዋት አባዬ የሚኒስቴሩን ፖስታ ወደ አየር ማረፊያው ሲያደርስ እግረ መንገዱን ደብዳቤዬን ይዞልኝ ሄደ። መኪናው መታጠፊያው ላይ እስኪሰወር በር ላይ ቆምኩ። «ባታርፍም» የሚለውን ቃል ሳስበው አንድ እርምጃ ወደ መንገዱ ወጣሁ። ሮጬ እንዳላስቆመው ኩራቴ ያዘኝ፤ ያን ኩራቴን እስከ ዛሬ እረግመዋለሁ።

*

ማክሰኞ ሲነጋ ሰማዩ ጥርት ብሎ ነበር። ሰው ሁሉ ሲያየው ደስ ይለዋል፤ እኛ ማዞሪያ ቤት ያለነው ግን ጥርት ያለ ሰማይ መጥላት ከጀመርን ቆይተናል።

ተቆጣጣሪያችን እትዬ ሽቦ ከኋላችን ይንጎራደዳሉ። ስሙን ያወጣንላቸው እኛ ነን፤ ቀጭን ናቸው፣ ቀጥ ያሉ ናቸው፣ ሲነኳቸው ይነዝራሉ። ደንብ ከሳቸው በላይ የሚያከብር ሰው አላየሁም። እኛ የተነገረንን ጮክ ብለን እንደግማለን፣ እሳቸው እንደሰሙት መዝገቡ ላይ ያሰፍራሉ። «የሰማችሁትን እንጂ የመሰላችሁን አትንገሩኝ!» ይላሉ። አንድ ልጅ አላቸው። ሃያ ሦስት ዓመቱ ነው፣ አብራሪ ነው፤ ለሳቸው ግን ዛሬም «ማሙሽ» ነው። ማሙሽና የኔው ሰው ስድስት ሆኖ አንድ ላይ የሚወጣ ቡድን ውስጥ ናቸው። አንድ ጠረጴዛ ላይ ይበላሉ።

«ዛሬ ይወጣሉ መሰለኝ» አልኳቸው ሲያልፉ፣ ቀስ ብዬ።

«ዘጠኝ፣ ሰሌዳሽን እዪ» አሉኝ። ግን አላለፉም፤ የወንበሬን መደገፊያ ይዘው ጥቂት ቆሙ።

አራት ሰዓት ሲል የአየር ማረፊያው መብራት በራ። ገመዱን ስሰካ እጄ ሳተ፤ በሁለተኛው ገባልኝ። መስመሩ ይንሾካሾካል፣ ይቆራረጣል። የአውሮፕላን ሜዳው ጸሐፊ ድምፅ ነው፣ የቸኮለ።

«ለክቡር ሚኒስትሩ። ልጅዎ አርፏል።»

«ሃሎ! ሃሎ!» አልኩ። ተዘግቷል።

«ዘጠኝ፣ ድገሚ» አሉ እትዬ ሽቦ ከኋላዬ፣ እስክሪብቷቸውን አንሥተው።

ደገምኩት። «ለክቡር ሚኒስትሩ፤ ልጅዎ አርፏል።» የራሴ ድምፅ የሌላ ሴት መሰለኝ። የስምንት ሴቶች እጅ ገመዱን እንደያዘ ቆመ። እትዬ ሽቦ ጻፉ፤ እስክሪብቷቸው ሲሄድ ይሰማኛል። ከዚያ ወረቀቷን ቀደው ወደ ላይ ላኩ። ስለ ማሙሽ አልጠየቁም፤ ጥያቄ በአንቀጽ ሁለት ክልክል ነው።

አርፏል። ቃሉን በጭንቅላቴ አገላበጥኩት። አውሮፕላኑን አሳርፎ የራስ ቁሩን አውልቆ ይሆን? ወይስ አርባ ስምንተኛው ሆኗል? አርፌያለሁ ቢለኝ ኖሮ እየዘፈንኩ እሠራ ነበር። አርፌያለሁ ግን አልተባለም፤ አርፏል ነው የተባለው፤ በሌላ ሰው አፍ። ያን ነጥብ ነጥብ ያደረገበትን ቦታ አሁን ጨርሼ አነበብኩት።

*

አሥር ደቂቃ አልሞላም፣ ሚኒስትሩ ራሳቸው ወረዱ። አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ሕንፃ ውስጥ ሲኖሩ ምድር ቤት ገብተው አያውቁም። ኮታቸውን አልደረቡም፤ ክራቫታቸው ወደ ጎን ዞሯል፤ ወረቀቷን ጨብጠዋታል። ሁላችንም ብድግ አልን።

«ይህን የተቀበለችው ማናት?»

«እኔ ነኝ፣ ክቡርነትዎ።»

«ምን ማለት ነው? ደርሷል ነው? ወይስ…»

ምላሴ ላይ ያለው ሌላ ነገር አልነበረም፤ በየቀኑ መቶ ጊዜ የምለው ነው፣ ወጣ። «ማብራሪያ ለመስጠት አልተፈቀደልኝም፣ ክቡርነትዎ።»

ክፉ አስቤ አልነበረም። እሳቸው ግን ሰሌዳዬ ላይ የተለጠፈውን መመሪያ አዩ፣ ከሥሩ ያለችውን የራሳቸውን ፊርማ አዩ፣ ዓይናቸውን ሰበሩ። «ድምፁ እንዴት ነበር?» አሉኝ፣ ሹክሹክታ በሚመስል ድምፅ። «ያዘነ ነው? ደስ ያለው ነው?»

«የቸኮለ ነበር።»

«አገናኚኝ።»

ሁለተኛውን ማዳመጫ ሰጠኋቸው። ሰካሁ። የሜዳው ጸሐፊ አነሣ።

«የመገናኛ ሚኒስትሩ ነኝ። ስለ ልጄ የላክኸውን መልእክት አብራራልኝ።»

«ጌታዬ፣ መልእክቱ አንድ ጊዜ ተነግሯል።»

«ሰማኸኝ? ሚኒስትሩ ነኝ እያልኩህ ነው!»

«ሰምቻለሁ ጌታዬ። አንቀጽ ሦስትን ቢያነቡት ጥሩ ነው። ሚኒስትር ነኝ የሚል ዛሬ እርስዎ ሁለተኛ ነዎት።»

«ያን አንቀጽ የጻፍኩት እኔ ነኝ! ሞቷል ወይስ አልሞተም? በአንድ ቃል!»

«ኧረ ጌታዬ! ቃሉ ክልክል ነው፣ አያስቀጡኝ» አለና ዘጋው።

ሚኒስትሩ ማዳመጫውን በሁለት እጃቸው ይዘው ቆሙ። አገር የሚያዙ ሰው ናቸው፤ ያን ሰዓት ግን የፈሩ አባት ብቻ ነበሩ፤ አንጀቴን በሉት። ገመዱን ለመንቀል እጄን ዘረጋሁ። ቀና ብለው ፊቴን አዩ። እንባዬን ለመደበቅ ጊዜ አላገኘሁም።

«አንቺ የማን ልጅ ነሽ?»

«የሾፌርዎ።»

«ልጄ ‹ቅዳሜ አንድ ሰው አስተዋውቅሃለሁ› ብሎኝ ነበር» አሉ። «ማናት ስለው፣ ድምፅዋን በየቀኑ ትሰማዋለህ አለኝ። አንቺ ነሽ?»

«አልመጣም እኮ፣ ክቡርነትዎ። ጠብቄ ነበር።»

«እንዴት ይመጣል? አርብ ማታ የሁሉንም አብራሪ ፈቃድ ሰረዝን፤ እንዳይደውሉም አዘዝን። ምክር ቤቱ ውስጥ መጀመሪያ እጁን ያወጣው እኔ ነኝ። ለልጁ አደላ እንዳልባል።»

የአራት መስመር ደብዳቤዬ ትዝ አለኝ። ያልበደለኝን ሰው ነው ባታርፍም ያልኩት። እንዲያ ብዬው ነው ወደ ሰማይ የወጣው። መጮህ አማረኝ፤ እትዬ ሽቦ ከኋላዬ ትከሻዬን ጨብጠው ያዙኝ። እጃቸው የሞቀ መሆኑን ያን ጊዜ አወቅኩ።

ያ እጅ ነው መሰለኝ ዳቦን ያስታወሰኝ። የሜዳው ዳቦ በየቀኑ የሚታዘዘው በኔ ሰሌዳ ነው። ስለ ሰው መጠየቅ ክልክል ነው፤ ስለ ዳቦ ግን መመሪያው ምንም አይልም። እንደገና ሰካሁ።

«ማዞሪያ ነው፣ ዘጠኝ ቁጥር። ስለ ምሳ ዳቦ ነበር።»

«እሺ፣ ስለ ዳቦ ይቻላል» አለ ጸሐፊው፣ ተንፈስ ብሎ።

«የሚኒስትሩ ልጅ ድርሻ… ይቆይለት፣ ወይስ ለሌላ ይሰጥ?»

መስመሩ ተንሾካሾከ። ሚኒስትሩ የሰሌዳዬን ጠርዝ ይዘዋል፤ ጥፍራቸው ነጭ ሆኗል።

«ይቆይለት» አለ ጸሐፊው። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እህቴ፣ እኔ ለአንድ ደቂቃ ውጭ ቆሜ እመለሳለሁ። ስልኩን ያነሣ ሰው ካለ አላየሁም» አለኝ።

ይቆይለት! ሚኒስትሩ የስምንት ቁጥር ወንበር ላይ ዝርፍጥ ብለው ተቀመጡና ፊታቸውን በእጃቸው ሸፈኑ። በማዳመጫው የእርምጃ ድምፅ ሰማሁ። ትንፋሽ ሰማሁ። ያን ትንፋሽ ከሺህ ሰው መሐል እለየዋለሁ።

«ዘጠኝዬ።»

«አለሁ።»

«አርፌያለሁ።»

«አርፌያለሁ!» አልኩ ጮክ ብዬ፣ እንደ ደንቡ፤ እያለቀስኩ፣ እየሳቅኩ። የእትዬ ሽቦ እስክሪብቶ ጻፈች።

«ደብዳቤሽን ኪሴ ውስጥ ይዤ ነው የበረርኩት» አለኝ። ድምፁ ከሩቅ ጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል። «ብታርፍም አትንገረኝ ብለሽ የለ? እምቢ ብዬ ነገርኩሽ።»

«ይቅር በለኝ! የኔ ጌታ፣ ይቅር በለኝ፣ አላወቅኩም ነበር…»

«ዝም በይ፣ ደቂቃዬ አለቀ። አስመዝግቢልኝ። ሌሎቹም አርፈዋል።»

ደስታዬ ሞልቶ ነበር፤ የሚጨመርለትን ሁሉ ይቀበላል። «ሌሎቹም አርፈዋል!» ብዬ ምድር ቤቱ እስኪያስተጋባ ጮህኩ። «ስድስቱም አርፈዋል፣ እትዬ!»

እስክሪብቶዋ መስመሩን ጨርሳ ወለሉ ላይ ወደቀች። እትዬ ሽቦ፣ በአሥራ ስምንት ዓመት ማንንም አቅፈው የማያውቁት ሴት፣ ከኋላዬ አንገቴ ላይ ተጠመጠሙ። ጉንጫቸው ጉንጬ ላይ ረጥቧል። «ማሙሽዬ! እሰይ! እሰይ የኔ ልጅ!» ይላሉ። «ድምፁን አሰሙኝ አልልም፤ የግል ጥሪ ክልክል ነው። ማረፉ ይበቃኛል። ይበቃኛል!» ሌሎቹ ልጆች ያጨበጭባሉ።

ጆሮዬ ላይ ያለው ድምፅ ግን ቀዝቅዟል።

«ዘጠኝዬ» አለኝ። «ምን ያስደስትሻል?»

«እንዴት አልደሰትም? ሁላችሁም…»

«ጠረጴዛችን ላይ አምስት ዳቦ ተቀምጧል» አለኝ። «ለሌላ ስጠው አሉኝ፤ እጄ አላነሣው አለ። የማሙሽን ከጎኔ ነው ያስቀመጡት። እናቱ እዚያ አሉ?»

መስመሩ ጠቅ ብሎ ተቋረጠ፤ ደቂቃው አልቆ ነው።

ሚኒስትሩ ከእጃቸው ላይ ቀና አሉ። ገና ፈገግታው ከፊታቸው አልጠፋም ነበር፤ እኔን ሲያዩ ጠፋ። ከኔ ወደ እትዬ ሽቦ፣ ከእትዬ ሽቦ ወደ መዝገቡ አዩ። የመጨረሻዋ መስመር ገና አልደረቀችም፤ ሌሎቹም አርፈዋል ትላለች፣ ቃል በቃል፣ አንድ ፊደል ሳይሳሳት። ገባቸው። ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። የሚፈልጉት ቃል ግን ሰሌዳዬ ላይ በፊርማቸው የተከለከለው ነው፤ አፋቸውን ከፍተው ቀሩ።

ሰሌዳዬ ላይ ከግንባር አንድ መብራት በራ። ከዚያ ሁለት፣ ከዚያ አራት። ማንም አልሰካም።

የእትዬ ሽቦ ክንድ አንገቴ ላይ ነው። ልባቸው ጀርባዬን ሲመታው ይሰማኛል። ዞሬ ፊቴን እስካላሳየኋቸው ድረስ ማሙሽ በሕይወት አለ። የኔው ሰው ተርፎልኛል፣ ደስ ሊለኝ ይገባል፤ እንዲያ ደስ ብሎኝ እንዲያ አልቅሼ አላውቅም። ክንዳቸውን በሁለት እጄ አጥብቄ ያዝኩት። አልዞርኩም።